መድኃኒት ብለን የምንጠራው መርዝ
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች ስም የተደረገ ንግግር)



በዚህ የበዓል ቀን ከመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች አንድ ንግግር እንዲሰማ በተወሰነ ጊዜ፥ የርእሱ ምርጫ ለእኛው ተተወልን። ከመካከላችን ስለ ሕዋ ጉዞ ይሁን ያሉ ነበሩ፤ ስለ ትምህርት ጥቅም ይሁን ያሉም ነበሩ። ስለ ትምህርት ጥቅም ግን በየዓመቱ ይነገራል፤ ደግሞም ወላጆቻችን ጥቅሙን ባያውቁ ኖሮ እዚህ ባላስቀመጡን ነበር። ስለዚህ ሁለቱንም ተውናቸው። በመጨረሻ የተስማማንበት ነገር በብዙዎቻችን ቤት በጓዳ፥ በቆጥ ላይ ወይም በአልጋ ሥር የሚገኝ ነው፤ ይኸውም የተባይ ማጥፊያ ነው።

ልጅ በአባቱ ፊት ቆሞ ስለ እርሻ ቢናገር እንደ ድፍረት ሊቈጠርበት ይችላል። እኛ ግን እርሻ ልናስተምር አልተነሣንም። ቲማቲም መቼ እንደሚተከል፥ ሽንኩርት በስንት ቀን ውኃ እንደሚጠጣ ከእናንተ አብልጦ የሚያውቅ በዚህ አዳራሽ የለም። እኛ የምንናገረው በጠርሙሱ ላይ ስለ ተጻፈው ነገር ነው፤ ያንን ለማንበብ ያበቃን ደግሞ የእናንተው ገንዘብና ድካም ነው።

በመጀመሪያ ስለ ስሙ ጥቂት እንበል። መድኃኒት ማለት የሚያድን ማለት ነው። ሐኪም የሚሰጠን ክኒን መድኃኒት ነው፤ አያቶቻችን የሚጠጡት ኮሶም መድኃኒት ነበር። በሽንኩርት ላይ የሚረጨውንም እንዲሁ መድኃኒት እንለዋለን። ስሙ አንድ ስለ ሆነ ጠባዩም አንድ ይመስለናል። ለትል አንድ ክዳን የታዘዘውን ሁለት ክዳን የሚያደርግ ሰው የሚያስበው፥ መድኃኒት ሲበዛ ፈውሱ ይፈጥናል ብሎ ነው። ማወቅ የሚገባን ግን አይጥ ስንገድል መርዝ፥ ትል ስንገድል መድኃኒት የምንል መሆናችንን ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ምን እንደ ሆነ በክፍላችን ብዙ ተከራክረን አላገኘነውም። ስለዚህ ከዚህ በኋላ በዚህ ንግግር ውስጥ መርዝ እያልን እንጠራዋለን።

ይህ ነገር በዓለም ላይ ረጅም ዕድሜ ያለው አይደለም። ፓውል ሙለር የተባለው የስዊስ ሊቅ ዲዲቲ ነፍሳትን እንደሚገድል የተረዳው በ1939 ነው። (የምንጠቅሳቸው ዓመታት ከአገራችን አዋጅ በቀር እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር ናቸው።) በ1948 የኖቤል ሽልማት ተሰጠው። ዲዲቲ የወባን ትንኝና ተስቦ የሚያመጣውን ቅማል እየገደለ ብዙ ነፍስ አድኗል፤ ይህን መካድ አይገባም። በአገራችንም ለወባ ሲባል ለብዙ ዓመታት በየቤቱ ግድግዳ ላይ ተረጭቷል። ዳሩ ግን በአፈርና በሰውነት ስብ ውስጥ ገብቶ ቶሎ የማይጠፋ ሆኖ ተገኘ። በ1962 ራሼል ካርሰን የተባለች አሜሪካዊት ስለዚሁ ጉዳይ መጽሐፍ ባሳተመች ጊዜ ትልቅ ክርክር ተነሣ፤ በ1972 አሜሪካ ዲዲቲ በእርሻ ላይ እንዳይረጭ ከለከለች፤ በ2001 በስቶክሆልም በተፈረመው ስምምነት ደግሞ በሽታ አስተላላፊ ነፍሳትን ለመከላከል ካልሆነ በቀር በዓለም ሁሉ ከሥራ ውጭ እንዲሆን ተወሰነ። ከተመሰገነበት ቀን እስከ ተወገዘበት ቀን ያለው ዘመን አንድ ሽማግሌ በዕድሜው ሊያየው የሚችል ነው።

አሁን ወደ ራሳችን ሜዳ እንመለስ። ከመቂ እስከ ባቱ፥ በዝዋይ ሐይቅ ዙሪያ፥ መስኖ የደረሰበት መሬት ሁሉ ቲማቲም፥ ሽንኩርት፥ ጥቅል ጎመንና ቃሪያ ሆኗል። ይህ አትክልት ቤታችንን አቅንቷል። ከመካከላችን የደብተርና የደንብ ልብስ ገንዘቡ ከቲማቲም ያልተገኘ ጥቂት ነው። ስለዚህ አትርጩ ለማለት አፍ የለንም። ቱታ አብሶሉታ የምትባለውን ትንሽ የእሳት እራት ሁላችሁም በሥራዋ ታውቋታላችሁ። ከደቡብ አሜሪካ ተነሥታ በ2006 ስፔን ደረሰች፤ ወደ እኛም ከገባች ዐሥር ዓመት አልፏታል። ትሏ የቅጠሉን ሆድ ሰርስራ ስለምትቀመጥ ከላይ የተረጨው በቀላሉ አያገኛትም። ገበሬው አልሞተችም ብሎ ይደግማል፤ ከዚያም ሁለትና ሦስት ዓይነት መርዝ በአንድ መርጫ ቀላቅሎ ይሠልሳል። ትሏ ግን ትለምደዋለች፤ ከሞት የተረፉት ይወልዳሉና ልጆቻቸውም እንደ እነርሱ የማይሞቱ ይሆናሉ። በዚህ ሁሉ መካከል የማይለምደው ሰው ብቻ ነው።

መርዙ በሰው ላይ ምን እንደሚሠራ በትምህርታችን ያገኘነውን በአጭሩ እንንገራችሁ። ማላታዮን፥ ፕሮፌኖፎስ፥ ዲያዚኖን፥ ክሎርፒሪፎስ የተባሉት ኦርጋኖፎስፌት ከሚባለው ወገን ናቸው። ነርቭ ጡንቻን ሲያዝ አሴቲል ኮሊን የሚባል መልእክተኛ ይልካል። መልእክቱ ከደረሰ በኋላ ኮሊን ኤስተሬዝ የሚባል ሌላ ነገር መጥቶ መልእክተኛውን ያፈርሰዋል፤ ጡንቻውም ያርፋል። መርዙ እንግዲህ ይህን አፍራሹን ያስረዋል። መልእክተኛው የሚያፈርሰው ስለሌለ ያለ ማቋረጥ ያዛል፤ ዐይን ያነባል፥ ምራቅ ይዝረበረባል፥ ላብ ይወርዳል፥ የዐይን ብሌን እንደ መርፌ ቀዳዳ ይጠባል፥ ሥጋ ይርገበገባል፤ ሲብስም የመተንፈሻ ጡንቻ ይደክምና ትንፋሽ ይቆማል። ትሉንም የሚገድለው በዚሁ መንገድ ነው። ቀለል ያለ ሲሆን ግን ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ብቻ ነው፤ ይህንም ፀሐይ መታኝ ብለን እናልፈዋለን። በእኛ ቆላ ፀሐይ ስንቱን የሌላውን ኃጢአት እንደ ተሸከመች እግዚአብሔር ይወቀው።

ብዙ ሰው መርዝ በአፍና በአፍንጫ ብቻ የሚገባ ይመስለዋል። ስለዚህ ነጠላውን በአፉ ላይ አሥሮ፥ ሱሪውን ሰብስቦ፥ በባዶ እግሩ ይረጫል። የሚረጭ ሰው ሰውነት ውስጥ የሚገባው መርዝ አብዛኛው ግን የሚገባው በቆዳ በኩል ነው። የመርጫው ክዳን ሲላላ በጀርባ ላይ የሚንጠባጠበው ውኃ እንደ ላብ ይቈጠራል። የብብትና የጉያ ቆዳ ከክንድ ቆዳ ይልቅ በብዙ እጥፍ መርዝ ይመጥጣል። ያ ነጠላ ራሱ ከራሰ በኋላ መርዙን ከአፍ ጋር አስጠግቶ የሚይዝ ጨርቅ ከመሆን በቀር ጥቅም የለውም። ከሁሉም የሚከፋው ሰዓት ደግሞ የመርጫው ሰዓት አይደለም፤ የመበጥበጫው ሰዓት ነው። ጠርሙሱ ተከፍቶ ገና በውኃ ያልቀጠነው መርዝ በክዳን ሲለካ በጣት ላይ የሚፈሰው አንዲት ጠብታ፥ በማሳው ላይ ፊታችንን ከሚያረጥበው ጉም ብዙ እጥፍ የበረታች ናት። ጓንት ለመግዛት ገንዘብ የሚበቃው ለአንድ ሰዓት ብቻ ቢሆን፥ ያ ሰዓት ይኸኛው ይሁን።

ከእኛ ክፍል የአንዱ ጓደኛችን ታላቅ ወንድም ለሰው ማሳ በቀን ሂሳብ ይረጭ ነበር። ባለፈው በጋ አንድ ቀን ከጧት እስከ ቀትር ሽንኩርት ረጭቶ፥ ምሳውን በማሳው ዳር በልቶ፥ እንደገና ሲነሣ ጉልበቱ ከዳው። ያስመልሰው ጀመር፤ ምራቁንም መዋጥ አቃተው። ቤተ ሰቡ ወተት አጠጡት፤ ደግመውም አጠጡት። ወደ ጤና ጣቢያ የተወሰደው ፀሐይ ስትጠልቅ ነው። በዚያ የነበረችው ነርስ የጠየቀችው አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር፤ ምን ነበር የረጨው? ማንም አላወቀም። ጠርሙሱ በማሳው ዳር ቀርቷል፤ ባለ ማሳውም ከገበያ የገዛው በፌስታል ተከፋፍሎ የሚሸጠውን ነው፤ ስም የለውም። ዐይኑን አይታ፥ ብሌኑ መጥበቡን ተመልክታ አትሮፒን የተባለውን መርፌ ወጋችው። ልጁ ተርፏል፤ ዛሬም እዚህ በስተኋላ ተቀምጧል፤ ፈቅዶልን ነው የምንናገረው። እስከ አሁን ድረስ ግን የዚያን ቀን ምን እንደ ረጨ አያውቅም።

ስለ ወተት ከተነሣ አይቀር፥ እውነቱ ይህ ነው። ወተት መርዝን አያረክስም። በሆድ ያለውን ማስመለስም ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይገባም፤ መርዙ ብዙ ጊዜ የሚቀጥነው እንደ ነዳጅ ባለ ፈሳሽ ነውና ሲመለስ ወደ ሳምባ ሊገባ ይችላል። የሚገባው ሥራ ሰውየውን ከማሳው ማውጣት፥ ልብሱን ማውለቅ፥ ገላውን በብዙ ውኃና ሳሙና ማጠብ፥ ዐይኑን የነካው እንደ ሆነ ቢያንስ ሩብ ሰዓት ንጹሕ ውኃ ማፍሰስ፥ ከዚያም በተገኘው ነገር ሁሉ ወደ ጤና ጣቢያ መሮጥ ነው። ጠርሙሱን ወይም ወረቀቱን ይዞ መሮጥ።

እንግዲህ ከከተማ የመጡ ሰዎች ገበሬው አያውቅም ሲሉ እንሰማለን። ይህ አባባል ግማሽ እውነት ነው። አባቶቻችን መርዝ መሆኑን አጥተውት አይደለም፤ ልጅ እንዳይደርስበት ከፍ አድርገው ይሰቅሉታል፤ በተረጨ ማሳም ላም አያስገቡም። ላሙን የሚጠብቅ ሰው ራሱን ያልጠበቀው ለምንድን ነው ብለን ስንጠይቅ የምናገኘው መልስ ሌላ ነው። የፕላስቲክ ልብስ በስምጥ ሸለቆ ቀትር ላይ ለብሶ መርጨት እንደ እሳት ያቃጥላል። መርዙን የሚሸጠው ሱቅ ጓንት አይሸጥም። በጠርሙሱ ላይ ያለው ጽሕፈት ለብልህ ዐይን እንኳ የደቀቀና በባዕድ ቋንቋ የሆነ ብዙ ነው። ከሁሉም በላይ ደግሞ ላሟ ብትሞት በዚያው ቀን ይታያል፤ የሰው ጉዳት ግን በዓመታት መካከል እየተንጠባጠበ ስለሚመጣ ከየት እንደ መጣ አይታወቅም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል፤ ይህ በሽታ ግን ራሱን ይደብቃል።

በገበያችን በሚዛን ተከፋፍሎ የሚሸጠው መርዝ በእኛ አስተያየት ከሁሉ የከፋው ነው። ስሙና የአያያዙ መመሪያ በጅምላ ነጋዴው ካርቶን ላይ ይቀርና ለገበሬው የሚደርሰው ዱቄቱ ብቻ ነው። የአገራችን የፀረ ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 674/2002 ያልተመዘገበ ፀረ ተባይ እንዳይሸጥ ከልክሏል፤ ነገር ግን አዋጅ በቅዳሜ ገበያ ሚዛን ላይ አይቀመጥም።

አሁን ደግሞ ማንም ስለማያነሣቸው ሰዎች እንናገር። የተረጨበትን ልብስ የሚያጥበው ማነው? እናታችን ወይም እኅታችን ናት። የሕፃኑን ጨርቅና የረጪውን ሸሚዝ በአንድ ገንዳ ትዘፈዝፋቸዋለች፤ ሸሚዙ ምን እንደ ያዘ የነገራት የለም። የቲማቲሙን ምርት የሚለቅሙትም በአብዛኛው ሴቶችና ልጆች ናቸው፤ በትናንትናው ቀን የተረጨውን ዛሬ በባዶ እጃቸው ይለቅማሉ። በጠርሙሱ ላይ ከመጨረሻው መርጫ እስከ ለቀማ ድረስ ስንት ቀን መቆየት እንደሚገባ ተጽፏል፤ ለአንዱ ሦስት፥ ለአንዱ ሰባት፥ ለአንዱ ዐሥራ አራት ቀን ይሆናል። ደላላው በስልክ ነገ መኪና ይመጣል ሲል ግን ይህን የሚያስታውስ የለም። ባዶውም ጄሪካን ታጥቦ የውኃ መቅጃ ይሆናል፤ መርጫውም በሐይቁ ዳር ይታጠባል። ላምዳ ሳይሃሎትሪን የሚባለው ዓይነት ለሰው ከሌሎች ቢሻል እንኳ ዓሣን በጥቂቱ ይፈጃልና፥ ቆሮሶ አነሰ እያልን የምናዝንበት ሐይቅ ይኸው ነው።

ስለ እህል ክኒን ካልተናገርን ንግግራችን ጐደሎ ይሆናል፤ በእኛ አስተያየት ቤት ውስጥ ካለው መርዝ ሁሉ የሚያስፈራው እርሱ ነው። ነቀዝ እንዳይበላው በበቆሎና በስንዴ ውስጥ የሚጨመረው ክኒን አሉሚኒየም ፎስፋይድ ይባላል። ክኒኑ ራሱ አይደለም የሚገድለው። በአየር ውስጥ ያለው እርጥበት ሲነካው ፎስፊን የሚባል ጋዝ ይወጣዋል፤ 3 ግራም የምትመዝን አንዲት ክኒን 1 ግራም ያህል ጋዝ ትሰጣለች። ይህ ጋዝ እንደ ነጭ ሽንኩርት ወይም እንደ በሰበሰ ዓሣ ይሸታል፤ በግድግዳ ስንጥቅም ከክፍል ወደ ክፍል ያልፋል። የሚያረክሰው መድኃኒት እስከ ዛሬ አልተገኘለትም። ክኒኑ የተሠራው አየር ፈጽሞ ለማያስገባ መጋዘን ወይም በወፍራም ላስቲክ ለታሸገ ክምር ነው። የእኛ ጎተራ ከእንጨትና ከጭቃ የተሠራ፥ በየቀዳዳው የሚተነፍስ ነው። ጋዙ ነቀዙን ሳይጨርስ ይወጣና ቤተ ሰቡ ወደ ተኛበት ይሄዳል። እንግዲህ ነቀዙ ይተርፋል፤ የሚጐዳው ባለ እህሉ ነው። ክኒን የገባበት እህል ሰው በሚተኛበት ቤት ከቶ ሊቀመጥ አይገባም።

ለዚህ ግን ሌላ መንገድ አለ፤ ያለ መርዝ የሚሠራ ነው። በውስጡ ሁለት የላስቲክ ከረጢት ያለው ከረጢት በብዙ ከተሞች ይሸጣል። እህሉ በደንብ ከደረቀ በኋላ ተሞልቶ እያንዳንዱ አፍ ለብቻው ተጠምዝዞ ሲታሰር፥ በውስጡ ያለው ነቀዝ የቀረውን አየር ተንፍሶ ይጨርስና ይሞታል። ከረጢቱ ከተራው ማዳበሪያ ይወደዳል፤ ነገር ግን ካልተቀደደ ከአንድ ዓመት በላይ ያገለግላል።

ስለ ማስቀመጫው አንድ ነገር እንጨምር። መርዝ በቍልፍ መቀመጥ ያለበት ስለ ሕፃናት ብቻ አይደለም። ሰው በንዴት ወይም በሐዘን ሰዓት የሚያደርገውን በሚቀጥለው ቀን አያደርገውም። ስሪላንካ ከ1990ዎቹ ጀምሮ ብርቱ ብርቱ የሆኑትን የእርሻ መርዞች ከገበያ ባስወጣች ጊዜ፥ በገዛ እጃቸው የሚሞቱ ሰዎች ቍጥር እጅግ ቀንሷል፤ የእርሻው ምርትም በዚያ ምክንያት አልወደቀም። የእኛ ቤት ደግሞ አንድ የእንጨት ሣጥንና አንድ ቍልፍ ይበቃዋል። መቀመጫውም ከቤት ውጭ፥ ከእህልና ከማድ ቤት የራቀ ይሁን። ገዝቶ ማከማቸትም አይጠቅምም፤ በአገራችን በየመጋዘኑ ተከማችቶ የተበላሸ ከሺህ ቶን የሚበልጥ አሮጌ መርዝ በ2000ዎቹ መጀመሪያ ተለቅሞ በመርከብ እስከ ፊንላንድ ተወስዶ እንዲቃጠል ግድ ሆኗል።

ለማንበብ ያልተማረም ሰው ቢሆን የሚያውቀው ምልክት አለ። በጠርሙሱ ግርጌ ዙሪያውን ቀለም ተቀብቷል። ቀዩ እጅግ ብርቱ ነው፤ በቤት የሚያዝ አይደለም። ቢጫው ከርሱ ቀጥሎ ነው፤ ቢጫ ነው ብሎ መድፈር ግን ሞኝነት ነው፤ ከላይ ከጠቀስናቸው ኦርጋኖፎስፌቶች ብዙዎቹ ባለ ቢጫ ናቸው። ሰማያዊውና አረንጓዴው ይሻላሉ። ባለ ሱቁ ያው ትል የሚገድል ሁለት ዓይነት ካለው ሰማያዊውን ወይም አረንጓዴውን መጠየቅ ነው።

ውድ ልብስ ለመግዛት ለማይችል ሰው የምንለው ይህ ነው። እጀ ረጅም ሸሚዝና ቦቲ ጫማ፤ የሱሪው ጫፍ ከቦቲው ውጭ ይሁን፤ ውስጥ ከሆነ ቦቲው መርዝ ይጠራቀምበታል። በጀርባና በመርጫው መካከል አሮጌ ላስቲክ ማንጠልጠል። ንፋስ ሳይነሣ በማለዳ፥ ንፋሱንም በጀርባ አድርጎ መርጨት። የተደፈነ አፈሙዝ በአፍ አለመንፋት፤ ይህን የሚያደርጉ ሰዎች ዛሬም አሉ። ጫትም ሲጋራም እጅ ሳይታጠብ ወደ አፍ አለማስገባት። ባዶው ጠርሙስ ሦስት ጊዜ ታጥቦ እጣቢው ወደ መርጫው ይገለበጥና ጠርሙሱ በሚስማር ይበሳ፤ የተበሳ ጠርሙስ ማንም ዘይት አይቀዳበትም። ልብሱም ለብቻው ይታጠብ፤ ለምታጥበው ሰው አስቀድሞ ይነገራት።

በመጨረሻ አንድ ማስታወቂያ አለን። ከመጪው ቅዳሜ ጀምሮ እስከ ሰኔ ወር መጨረሻ ድረስ፥ ገበያ በሚውልበት ቀን ሁሉ ከክፍላችን ዐራት ዐራት ተማሪዎች ከጧቱ 2 ሰዓት እስከ 6 ሰዓት በትምህርት ቤቱ በር ላይ ጠረጴዛ አውጥተን እንቀመጣለን። በጠርሙሱ ላይ ያለውን ጽሕፈት ማንበብ የፈለገ ሰው ቢመጣ፥ ስሙን፥ መጠኑን፥ እስከ ለቀማ የሚቆይበትን ቀንና የቀለሙን ትርጉም በአማርኛና በኦሮምኛ በወረቀት ጽፈን እንሰጠዋለን። ዋጋ አንጠይቅም፤ ማን ምን ገዛ ብለንም ለማንም አንናገርም። የሚመጣው ሰው ጠርሙሱን አጥብቆ ዘግቶ፥ በሁለት ፌስታል ጠቅልሎ፥ የገዛው ቡናና ስኳር ካለበት ዘንቢል ለይቶ ይያዘው። ለልጅ አስይዞ ግን እንዳይልክብን እንለምናለን።